ስድስተኛው ጥያቄ

ድባቴን ለመለየት ሐኪሞች የሚሠሩበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ሁሉም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፦ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ድካምን፣ የሞት ሐሳብን። ስድስተኛው ለየት ይላል። ሰውየው ራሱን እንደማይረባ ይቆጥራል? ራሱንም ቤተሰቡንም እንዳሳፈረ ይሰማዋል? ዶክተር ብዙ ገላዬና ባልደረቦቻቸው መጠይቁን በአንድ ትልቅ የኢትዮጵያ ሪፈራል ሆስፒታል በ926 ታካሚዎች ላይ ፈትሸው፣ ለአገራችን እንደሚያገለግል በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው «አዎ» ለሐኪሙ የሕመም ምልክት ነው፤ ለመጋቢው ወይም ለንስሐ አባቱ ግን የኅሊና ወቀሳ ሊመስል ይችላል። አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት በሆነበት በጌዴኦ ዞን «እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክር «ጸልይ፣ በርታ» ነው። ጸልዮ ካልተሻለው ደግሞ «እምነቴ ጎዶሎ ነው» ይላል፤ በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ይደረብበታል።

የአንጎል ኬሚስትሪ ትንታኔ ብዙዎችን ያሳረፈው ከዚህ ሸክም ነው፦ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር አንሶህ ነው። ግምቱ የተወለደው ከመድኃኒት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ የተሞከረው አይፕሮኒያዚድ የታካሚዎችን ስሜት ሲያነቃቃ ታየ። በ1965 ጆሴፍ ሺልድክራውት፣ በ1967 አሌክ ኮፐን ድባቴን ከአንጎል ንጥረ ነገሮች መጓደል ጋር አያያዙት። ሆኖም ከፈውሱ ተነሥቶ ስለ መንስኤው መፍረድ ያሳስታል። የይርጋጨፌ ቡና እንቅልፍ ያባርራል፤ እንቅልፍ ግን የቡና እጥረት አይደለም።

በ2022 የለንደኗ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆአና ሞንክሪፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአሥርት ዓመታት ጥናቶችን መርምረው፣ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኘንም ሲሉ አሳተሙ። ሌሎች የሙያው ሰዎች የጥናቱን ዘዴ ተችተው መልስ ሰጡ። የድባቴ መድኃኒት ይረዳል ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በ2018 አንድሪያ ቺፕሪያኒ የመሩት ትንተና 522 ሙከራዎችን አገናዝቦ፣ የተመረመሩት 21 መድኃኒቶች ሁሉ ከአስመሳይ ክኒን እንደሚሻሉ አሳይቷል፤ ብልጫቸው በአማካይ መጠነኛ ቢሆንም። ስለዚህ ክርክሩን ሰምቶ ክኒንን ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ አይገባም።

ክርክሩ በጌዴኦ ምድር ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። በዚያው በ2018 እ.ኤ.አ. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ።

ቤቱ የተቃጠለበት፣ ቡናውንና እንሰቱን ጥሎ የሸሸ ገበሬ በመጠለያ ውስጥ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ተስፋ ቢያጣ መጠይቁ ከፍተኛ ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። «ሴሮቶኒን አንሶት ነው» ብለን ካቆምን ቃጠሎው ከታሪኩ ይሰረዛል። «ኃጢአት ሠርቶ ይሆናል» ካልን ደግሞ የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት እንደግማለን። እነርሱ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ የበደሉት የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት ሲነሡ ነው። ኤልያስም ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ እንደገና ተኛ፣ ዳግመኛም ተቀሰቀሰና በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

የሞንክሪፍ ሥራ ለአማኝ ያለው ፋይዳም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በድባቴው ጥፋተኛ እንዳልሆነ ለማመን ኬሚካል እንዳነሰው መረጋገጥ የለበትም። ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት አይደለም፤ ክኒኑ መርዳቱም የደረሰበትን በደል ወደ አንጎል ብልሽት አይለውጠውም። በጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በዲላ መጋቢው ምእመኑን ጸልዮለት እስከ ከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል ድረስ ሊሸኘው ይችላል። ሐኪሙም መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ቤቱ የት እንደነበረ ቢጠይቀው ይገባል። የሶንጎ (የጌዴኦ ባህላዊ ሸንጎ) ሽማግሌዎችም ለዕርቅ ተቀምጠው ተፈናቃዩ ወደ ማሳው በሰላም የሚመለስበትን መንገድ ሲፈልጉ፣ ለዚያ ሰው ጤና እየሠሩ ነው።