ጅብ የማያውቀው ጾም

ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ለ55 ቀን ቢላዋ ይሰቀላል፤ አጥንትና አንጀት የሚጣልበት የከተማ ዳርቻም ይራቆታል። የዚህ ለውጥ ዱካ በጅብ ሆድ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ የጅብ ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ፣ በውስጡ ያገኙትን ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው ከመቶ 15 ያህሉ ላይ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33 ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ምእመኑ ሥጋ ሲተው ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ አዞረ ማለት ነው።

በይፋት ቆላ ባለችው አጣዬ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። የይፋት ቆላ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን በየፊናው ነው። የአንዱ ልኳንዳ ሲዘጋ የሌላው ክፍት ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ሁዳዴና ረመዳን ቢደራረቡም ለማታው ማፍጠሪያ ሥጋ መፈለጉ አይቀርም። የዚህ አገር ጅብ እንግዲህ በሁለት ሃይማኖት አቆጣጠር ይኖራል፤ አንዱንም ሳያምንበት።

እንስሳት ማንም ሳይጠይቃቸው የሰው አምልኮ ውስጥ ይገባሉ። ይህ በአማኙ ላይ የሚጥለው ዕዳ አለ?

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሦስት ቀን የምትጾመው ጾመ ነነዌ ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ነው። በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ አዋጅ ሲያስነግር ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም እህል ውሃ እንዳይቀምስ፣ ማቅ እንዲለብስ አዘዘ። መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ እግዚአብሔር ላኮረፈው ነቢይ ከተማይቱን የማረበትን ምክንያት ሲነግረው፣ ከሕዝቡ ብዛት ቀጥሎ እንስሳቱን ይጠቅሳል። ስብከቱ ብዙ ጊዜ ዓሣው ሆድ ውስጥ ይቀርና እዚህች መጨረሻ ላይ ሳይደርስ ያበቃል፤ ያሳዝናል።

በእስልምናም የሚስተካከል ታሪክ አለ። ሱረቱል ካህፍ ስለ ዋሻው ወጣቶች ሲያወራ ውሻቸው ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ መተኛቱን አይዘልም። ሰዎች ስንት ነበሩ እያሉ ሲከራከሩም ውሻው አብሮ ይቆጠራል። ይኸው ውሻ በሻፊዒ መዝሀብ ምራቁ ነጃሳ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ክርስቲያኑም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውሻን በድንጋይ ያባርራል፤ በውስጡ ግን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሳና ከነብር ጋር ተስለው ይሳለማቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የርኩሰት ሕግ የሚናገረው ስለ አማኙ ሶላት፣ ስለ ቅዳሴው፣ ስለ ዕቃው ንጽሕና ነው፤ በእንስሳው ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ ለተጠማ ውሻ በጫማ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ይናገራል። ያ ውሻ በሕጉ ነጃሳ መሆኑ አልቀረም። ድንጋይ የሚወረውር ሰው ሃይማኖቱን ምክንያት ቢያደርግ፣ ሃይማኖቱ አይመሰክርለትም።

እንዲያውም ርኩስ መባል የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ከርከሮ በሁለቱም ሃይማኖት አይበላም፤ ስለዚህ ለሥጋው ብሎ የሚያድነው የለም። የሚገደለው ማሳ ሲገባ ብቻ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ግሪሳና ዝንጀሮ ሲከላከል የሚውለው ልጅ በቀላሉ ይራራል ብሎ መጠበቅም አይገባም፤ የሚጠብቀው የዓመት ቀለቡን ነው።

አህያም እንደ ከርከሮው አትበላም፤ ግን ያ አላዳናትም። ቢሾፍቱ ላይ በቻይና ባለሀብቶች የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. ሕዝቡ ስለተቃወመ ተዘጋ። ተቃውሞው እውነተኛ ነበር። ሆኖም የተቆጣው ስለ መታረዷ ነው፤ ጀርባዋ እስኪላጥ ስለምትጫነው፣ ስታረጅም ለጅብ ስለምትተወው አህያ እንዲህ ያለ ጩኸት አልተሰማም። ምግብ አለመሆኗ ከቢላዋ ያወጣታል እንጂ ከጭነት አያወጣትም።

የውሻው ነገር ደግሞ ከደጃፍ አልፎ ተራራ ይወጣል። ከአጣዬ በስተምዕራብ ገደሉ አናት ላይ የመንዝ ጓሳ አለ፤ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሣሩን ሲጠብቅ የኖረበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከሚያሰጓቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣባቸው የሰው ውሻ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የተነሳው ወረርሽኝ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ሕፃናትን የሚገድለውም ይኸው በሽታ ነው። መከላከያው ውሻን ማስከተብ ሲሆን፣ ለዚያ ደግሞ ውሻውን ይዞ የሚቀርብ ባለቤት ያስፈልጋል። ግቢ ጠባቂ ሆኖ የሚያድረው ውሻ ብዙ ጊዜ የሚበላውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ሲነክስ «የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የእኔ ነው የሚል አይገኝም። የክትባቱን ቀን ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ ማስነገር ካህኑንም ኢማሙንም የሚያስነቅፍ ነገር የለውም፤ ሁለቱም መጻሕፍት እንስሳትን ቆጥረዋል።