የተሸሸገው ገመድ

በደሴ ፒያሳ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲታደስ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው የመብራት ገመድ ግን ብዙ ጊዜ አይነካም። የተዘረጋው ለሁለት ሦስት አምፖል ነበር። ዛሬ የሚሰካበት የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈጃል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል። ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ ወፍራም ሽቦ የሚተኩበት አሉ (ዘበኛን አስሮ እንደ መተኛት ነው!)።

እንግዲህ «ቤቱ ታድሷል» ብሎ የሚያከራይ ሰው ዋሸ ወይስ አልዋሸም? ቃሉ እውነት ነው፤ ታድሷል። እኔ ግን ዋሽቷል እላለሁ፤ ተከራይ ቀለሙን እንጂ ገመዱን ማየት አይችልምና። «ገንዘብ አጠረኝ» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ይቆይና ገመዱ ይቅደም፤ ለዚያም ካልበቃ ምጣድ እንዳይሰካበት አስቀድሞ ይንገረው።