ስም ሳይጠሩ መስጠት

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከምኖርበት ቤት ደጃፍ ጠዋት ጠዋት አንድ የአብነት ተማሪ ይመጣል። ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቴ ከመሶቡ አውጥታ ትሰጠዋለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው አትጠይቀውም። እሱም ቀና ብሎ ይሄዳል። እኔም በልጅነቴ ከደጋው ወርጄ በበአታ ለማርያም ዙሪያ ጎጆ ከቀለሱት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። በኋላ ዜማውን ትቼ አስኳላ ገባሁ እንጂ፣ ለምኜ በበላሁት እንጀራ አፍሬ አላውቅም። ውሻ ነክሶኛል፣ ዝናብ ደብድቦኛል፤ ማንም ግን «ድሃ መሆንህን አስረዳ» ብሎኝ አያውቅም።

የመቀበልን ኀፍረት ያየሁት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ሰጪ ሆኜ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ።

ያን ጊዜ የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ ነበርኩ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ከዚያ እየሰፋ እኛ ዘንድ ደረሰ። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ቤተሰቡ ሲታመም ይታከማል። መክፈል ላቃተው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ያቃተው ማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ ነው። እኔ የመራጩ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ስሟን ወደማልጠራት አንዲት የደጋ ቀበሌ ሄድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጥዱ ሥር ተቀመጥን። የሚከፈልላቸው ሰዎች ኮታ ጠባብ ነው፤ የተያዘው ስም ከኮታው ይበልጣል። ስም በተነበበ ቁጥር ሰው እየተነሣ ይመሰክራል። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ስም ሲነበብ አንዱ ጎረቤት ተነሥቶ «ልጃቸው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል፤ ይልክላቸዋል» አለ። ሌላው «የለም፣ በወባ ታሞ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው» አለ። ሦስተኛው ስለ በጎቻቸው አነሣ፤ ሁለት ናቸው፣ አንድ ናት ተባለ። እናቲቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ቆሙና «ልጆቼ፣ የእኔን ስም አውጡት። ሽንኩርቴን ሸጬ እከፍላለሁ» አሉ። እኔም ስማቸውን ሰርዤ ከጎኑ «በራሳቸው ፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ። እነዚያ ሁለት ቃላት እስከ ዛሬ ያንገሸግሹኛል። ምኑ ነው ፈቃድ?

ነገሩ ምጽዋት ቢሆን ኖሮ «ሰጪው እንዳሻው ይስጥ» ብዬ ዝም ባልኩ። ግን ምጽዋት አይደለም። እኒያ እናት በየዓመቱ የመሬት ግብር ከፍለዋል። ጤና ኬላው ሲሠራ ድንጋይ ተሸክመዋል። ከራሳቸው ጎተራ ሊሰፈርላቸው ነው ገበናቸው የተገለጠው። ምጽዋት እንኳ በሃይማኖታችን በስውር ይሁን የተባለ ነገር ነው፤ ዕዳ ሲከፈል አደባባይ የሚወጣው ታዲያ በምን አግባብ ነው?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ያወቅኩት ከሕንድ በተሰማ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በራጃስታን ግዛት፣ ዳውሳ በሚባል የገጠር አውራጃ፣ በርካሽ የመንግሥት እህል የሚወስዱ ቤተሰቦች ግድግዳ ላይ ድሃ መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ በቀለም ተጻፈ። በዚያችው አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በዓመት 100 ቀን የጉልበት ሥራ የመጠየቅ መብት ይኑረው የሚል። ድህነቱን የሚመረምር ኮሚቴ አልነበረም፤ ሥራ የፈለገ መጥቶ ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት እኛም ዘንድ ሴፍቲኔት ተጀመረ። የእኛው ግን የሚጀምረው ከመረጣ ነው። ከተመረጠ በኋላ እርከን ሲሠራ ውሎ ስንዴውን የሚቀበል ሰው ግን አንገቱን አይደፋም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለአደባባዩ የሚከራከር ሰው እውነት እንዳለው አልክድም። በዝግ ቤት የተሠራ ዝርዝርም አይቻለሁ፤ የሊቀ መንበሩ አጎት፣ የጸሐፊው አማች የሰፈሩበት። ሕዝብ ፊት ካልተነበበ ድሃው ከነጭራሹ ይረሳል። ስለዚህ ለዓመታት «ኀፍረት ይሻላል ወይስ መረሳት?» እያልኩ ራሴን አስጨንቄያለሁ። አሁን ጥያቄው ራሱ የተዛባ ይመስለኛል። አደባባይ መቆም ያለብን እኛ ነበርን፤ ኮሚቴው። ከማን ጋር ዝምድና አላችሁ? በምን ለያችሁ? ማንን አስቀራችሁ? ተብለን በመስቀል ፊት ምለን መመርመር የነበረብን እኛ ነን። ያ እሑድ ግን የተመረመረው የአንዲት ሴት በግ ነው።

በኦሪት የእርሻ ባለቤት አዝመራውን ጥርግርግ አድርጎ እንዳያጭድ ታዟል፤ የቀረው ለድሃና ለመጻተኛ ነው። ሩትም የቃረመችው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ቦዔዝ ደግሞ አጫጆቹን ሆን ብለው እንዲያንጠባጥቡላት አዟቸዋል። የሕጉ ጥበብ ሰጪው ዞር ማለቱ ነው። ትቶ ይሄዳል፤ ማን እንደለቀመ አይጽፍም። በእኛም ደጋ የገብስ ቃርሚያ እንዲሁ ነበር። አባቴ ነዶው ከተከመረ በኋላ ማሳው ላይ ሰው ቢያይ መንገዱን ይቀይር ነበር።

በጀት እንደ ገብስ ማሳ ጥግ ጥጉ አይተውም፤ ይቆጠራል። ቢሆንም ቃርሚያን የሚመስል መንግሥታዊ ሥራ አውቃለሁ። በየቀበሌው ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ለሀብታሙም ለድሃውም ልጅ ያንኑ ክትባት ይሰጣሉ፤ የበግ ቁጥር አይጠይቁም። በ1947 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ተማሪዎቹን ወደ ቆላ ድባ የሚልካቸው ወባ ያስቸገረው የደምቢያ ሕዝብ እንዲታከም እንጂ ድሃው እንዲለይ አልነበረም። ለሁሉ የሆነ ነገር ማንንም አያሳፍርም። ውድ ነው ይሉኛል። እኒያ እናት የከፈሉትን ማን አስቦት ያውቃል?

ከስብሰባው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቢሮ መጡ። ብሩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ቆጠሩልኝ። ደረሰኙን ስሰጣቸው ፊደል አልቆጠሩምና «ልጄ፣ ስሜን አንብልኝ» አሉኝ። ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው አነበብኩላቸው። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። በተከታዩ ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ የጓሯቸው መደብ ባዶ ነበር። የሸጡት ለዘር ያስቀመጡትን ነው።