እጅህን ከጋቢህ አውጣ

ልጄ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ልጨብጥህ ስል ትከሻህን ብቻ ሰጠኸኝ፤ እጅህ ከጋቢው አልወጣም። ኩራት መስሎኝ ከፋኝ። ማታ ደብተርህን ሳይ ነው የገባኝ፤ የወረቀቱ ጠርዝ ረጥቦ ተሸብሽቧል፣ ቀለሙም ፈስሷል። የሰላ ድንጋይ ውርጭ ሰውን እሳት ዳር ሲያኮራምት ያንተ መዳፍ ላብ ያንጠባጥባል።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። «ፈሪ ነው» ይሉኝ ነበር። ፈሪስ ነበርኩ፤ ላቡ ግን ከዚያ አልመጣም።

በሰው ቆዳ ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢዎች አሉ። ያንተ ከሌላው አይበዙም፤ የሚያዛቸው ነርቭ ነው ልክ ያጣው። እንዲህ ያለው ላብ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል፣ በዘርም ይወርዳል። መዳፍን፣ ውስጥ እግርን፣ ብብትን በግራም በቀኝም ያረጥባል፤ እንቅልፍ ሲወስድህ ግን ይቆማል።

ሌሊት አንሶላህን የሚያርስ ላብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳህም፣ ጤና ጣቢያ ሂደህ አክታህን አስመርምር። የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። ልብህ እየመታ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የአንገት ዕጢህን ይዩልህ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መጠመቅህን አልከለክልም፣ እኔም ሱባኤ ገብቼባታለሁ፤ ኪኒን ከታዘዘልህ ግን እንዳታቋርጥ።

ላንተ የምመክረው አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበትን የላብ መከላከያ ነው። ተራው ዲኦዶራንት ሽታ ይሸፍናል እንጂ ላብ አያቆምም። ማታ ልትተኛ ስትል እጅህን በደንብ አድርቀህ ቀባው፣ ጠዋት ታጠበው። እርጥብ ቆዳ ላይ ከቀባኸው ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ላቡ ሲቀንስልህ ቀኑን እያራራቅህ ቀባ። ለእግርህ የፕላስቲክ ጫማውን ተወው፣ ካልሲም በየቀኑ ለውጥ።

ይህ ካልያዘልህ ደብረ ብርሃን ወርደህ ሐኪም አማክር፤ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታልም የቆዳ ሐኪሞች አሉ። የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ አፍ ያደርቃል። መርፌም አለ። እጅን ውኃ ውስጥ ነክሮ በቀላል ኤሌክትሪክ ማከምም አለ፤ ይህን ከሐኪም መሣሪያ ውጭ፣ በቤት ሽቦ፣ ከቶ እንዳትሞክረው! ነርቩን በቀዶ ጥገና መቁረጥ የመጨረሻው ነው፤ ላቡ ወደ ጀርባና ሆድ ሊዞር ይችላልና እኔ አልቸኩልበትም።

በሚቀጥለው እሑድ እጅህን ስጠኝ፣ እርጥቡን። የእኔም ደረቅ አይደለም።