ይቅር ማለትን ማስተማር ይቻላልን?



በሰፈራችን ከዐስር ሶላት በኋላ እናቶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ፊደሉን ጋብ አድርገን ስለ እርቅ መነጋገር ስንጀምር፣ ከወሎ ተፈናቅለው የመጡ አንዲት እናት ቀና አሉ። ልጃቸውን የነጠቃቸው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት ነው። «ልጄ፣ ገዳዩ አጥፍቻለሁ ሳይለኝ እኔን ይቅር በይ ብለሽ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የዕለቱ ትምህርት እዚያው ላይ ተቋረጠ።

ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቤቴ ገባ። ሰላምን ማስተማር በተበዳዩ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነውን? ለሴቶች የሚሰጠው የእርቅ ትምህርትስ «ቻሉት፣ ዝም በሉ» የሚለው የቆየ ምክር በአዲስ ስም ቀርቦ ነውን?

እስቲ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንሻገር። ዋጂር ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጋር የሚዋሰን፣ አብዛኛው ነዋሪው ሙስሊም ሶማሌ የሆነ ደረቅ አገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ፣ ከሶማሊያ የሚገባው ጠመንጃና የምርጫው ፉክክር ተደራርበው የደጎዲያን፣ የአጁራንንና የኦጋዴንን ጎሳዎች አፋጁ። ጠቡ ገበያ ድረስ ዘለቀ፤ የአንዱ ጎሳ ሴት ከሌላው ጎሳ ሴት መግዛትም መሸጥም ተሳናት።

በዚህ ጊዜ ነበር በአንድ ሠርግ ላይ የተገናኙ ሴቶች ጉዳዩን አንስተው መመካከር የጀመሩት። ከመካከላቸው አንዷ የዋጂር ተወላጅ የነበሩት ወይዘሮ ዴካ ኢብራሂም አብዲ ናቸው። ሴቶቹ ሥራቸውን የጀመሩት ከአዳራሽ ሳይሆን ከገበያ ነው። ማንኛዋም ሴት፣ ከየትኛውም ጎሳ ትሁን፣ ያለ ስጋት ትሽጥ፣ ትግዛ ተባለ፤ ይህንንም የሚከታተል ኮሚቴ ከራሳቸው አቋቋሙ። ገበያው ሲረጋጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የሽማግሌዎቹ ድርድርም በሴፕቴምበር 1993 የአል-ፈታህ መግለጫ የሚባለውን ስምምነት አስገኘ። ወጣቱና የመንግሥት ሹማምንት ተጨምረውበት በ1995 የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ ተመሠረተ። ወይዘሮ ዴካ በ2007 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ2011 ወደ አኼራ ሄደዋል። አላህ ይማራቸው።

ውድ አንባብያን፣ ልብ በሉ! እነዚህ ሴቶች መጀመሪያ የጠየቁት «ይቅር በሉ» ብለው አይደለም። የጠየቁት ጨው የምትሸጠው ሴት በጎሳዋ ምክንያት እንዳትነካ ነው። እኔ ያልለየሁት ይህን ነበር። ምሕረት አንድ ነገር ነው፤ ያልበደለን አለመበደል ሌላ ነገር ነው። በሃይማኖታችን የተገደለ ሰው ቤተሰብ ምሕረት የማድረግ መብት አለው፤ መብቱም የእሱ እንጂ የአስተማሪም የሹምም አይደለም። ማንም የሌላውን ኃጢአት አይሸከምምና ያልገደለን ሰው በዘሩ መጥላት ግን ለማንም የተሰጠ መብት አይደለም። የመጀመሪያውን በለመና እንኳ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛውን ግን መማርም ማስተማርም ግዴታ ነው።

«ታዲያ ፍትሕስ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። በዚያው በዋጂር በፌብሩዋሪ 1984 የመንግሥት ወታደሮች የደጎዲያን ወንዶች ዋጋላ በተባለ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰብስበው ፈጅተዋል። የኬንያ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ጉዳዩን በሪፖርቱ ያሰፈረው ገና በ2013 ነው። የገበያ ሴቶች ይህን የደም ዕዳ ሊሰርዙት አይችሉም፤ ሰርዙት ማለትም ግፍ ነው። ሱረቱል ሑጁራት የሚጋደሉ ምእመናንን ስለ ማስታረቅ ሲያዝዝ ፍትሕን አብሮ ያዝዛል። የዋጂርም ሰላም ለዘለቄታው አልተቆለፈም፤ በ1998 ባጋላ ላይ ሌላ እልቂት ደርሷል። ሰላም እንደ ጓሮ አትክልት ነው፤ ውኃ ያጣ ቀን ይጠወልጋል።

አንድ መራራ እውነትም ልጨምር። እኛ ሴቶች ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለንም። ልጇን «የወንድምህ ደም ፈሶ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብላ የምትወቅስ እናት፣ ጥይት ሳትተኩስ ታስተኩሳለች። በዚህ ምክንያት የሴቶች ትምህርት ከራሳችን ምላስ መጀመር አለበት። ያን ያህል ኃይል ያለውን ሰው ደግሞ ከሽምግልናው ቦታ አርቆ ቡና አፍይ ብቻ ማለት ምን ይባላል? ልጁን ለጦርነት የምታስነሳው እናት ከሆነች፣ እርቁ ላይ ለምን ትታጣለች?

በሚቀጥለው ሳምንት ለእኒያ እናት «እናቴ፣ ምሕረቱ የእርስዎ ነው፤ ማንም ሊያስተምርዎ አይችልም። ግን ልጅዎን ያልገደለ ሰው አኩርፈው ይሆን?» አልኳቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያም «ከግድግዳዬ ወዲያ ያለችዋን ሴት ሰላም ካልኳት ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የነሱ ወገን ናት ብዬ። እሷ ምን አደረገችኝ?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ሰላምታውን ይስጡ አይስጡ አልጠየቅኳቸውም። እህቶቼ፣ እናንተስ ከግድግዳችሁ ወዲያ ማን አለ? ወንድሞቼ፣ በሚቀጥለው ሽምግልናችሁ ላይ ለእናቶች ቦታ አዘጋጅታችኋልን?

ወላሁ አዕለም።