የወጣት ፈረስ ተስፋ የማን ዕዳ ነው?

ተስፋ የተጣለበት ፍጡር እንደታሰበው ሳይሆን ቢቀር ተጠያቂው ማን ነው? ተስፋ የተጣለበት ወይስ ተስፋውን የጣለው? ይህን ጥንታዊ ጥያቄ የእሽቅድምድም ፈረሶች ገበያ አጉልቶ ያሳየዋል፤ በዚያ ገበያ ተስፋ በቁጥር ይተመናልና።

እ.ኤ.አ. በ2006 ዘ ግሪን መንኪ የተባለ የሁለት ዓመት ፈረስ በፍሎሪዳ ለጨረታ ቀረበ። 200 ሜትር ያህል ርቀት በ9.8 ሰኮንድ ሮጦ በመታየቱ ባለጸጎች ተሻሙበት፤ በ16 ሚሊዮን ዶላርም ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የተወዳደረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ያገኘው ሽልማት በጠቅላላው 10,440 ዶላር ነበር። በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በኬንታኪ በ17,500 ዶላር የተሸጠው ሲያትል ስሉ የቀኝ የፊት እግሩ ወደ ውጭ የዞረ ውርንጭላ ነበር። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1977፣ እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፣ የአሜሪካን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ።

የመጀመሪያው «የከሸፈ ፈረስ» ተባለ። ይሁን እንጂ የጨረታው ሰዓት አልዋሸም፤ ፈረሱም የታዘዘውን ሮጧል። የተለካው የአንድ ቀን ፍጥነት ሲሆን፣ የተገዛው ግን ገና ያልመጣ ዘመን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው የገዢው ምኞት እንጂ የፈረሱ ቃል አይደለም። ቃል ያልገባ ደግሞ ቃል አፍራሽ ሊባል አይችልም። አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ ተጠያቂነትን ከተጋላቢው ወደ ጋላቢው መመለሳቸው ነው።

«ታዲያ ሰው አስቀድሞ አይገምት?» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። መገመት ግድ ነው፤ ገበሬም ዝናቡን ሳያይ ዘር ይመርጣል። ዳሩ ግን ዘሩ ሳይበቅል ቢቀር መሬቱንና የራሱን እጅ ይመረምራል እንጂ ዘሩን ብቻ አይወቅስም።

ከዚህም ሌላ ችኮላ ራሱን የቻለ በደል ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ ዕድሜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን ነው፤ በመሆኑም በጃንዋሪ የተወለደውና በሜይ የተወለደው እንደ እኩያ ጎን ለጎን ይመዘናሉ። የሁለት ዓመት ፈረስ አጥንት ደግሞ ገና ጠንክሮ አላበቃም። ገዢን ለማስደነቅ ያለ የሌለ ኃይሉን እንዲያወጣ በተገደደ ጊዜ፣ ነገን ለማወቅ የተጣደፈው እጅ ነገን ራሱን ሊሰብረው ይችላል።

ጉዳዩ በፈረስ ብቻ አይወሰንም። በመጀመሪያ ፈተናው «የትም አይደርስም» የተባለው ተማሪና በአንድ ግጥሙ «ታላቅ ባለቅኔ» ተብሎ የተሾመው ወጣት፣ ሁለቱም ያልፈረሙበት ውል ተጭኖባቸዋል። አንደኛው ከሚገባው በታች፣ ሌላው ከአቅሙ በላይ እንዲሸከም ተፈርዶበታል። ስለዚህ መምህርም ሆነ ሐያሲ መመዘኑን ሊተው አይገባም፤ ሚዛኑን ግን ደጋግሞ ሊያነሣ፣ ግምቱ በሳተም ጊዜ ዕዳውን በወጣቱ ትከሻ ላይ ሳይጥል ራሱ ሊከፍል ይገባዋል።