የላይኛው በረት እና የማሳ ዳር ጎጆ

ከማንኩሳ በላይ ካለው ጉብታ ላይ አንድ ባለጠጋ ነበር። ከብቱ ብዙ፣ የበረቱ አጥር ግን ያረጀ ነበርና ሌሊት ሌሊት ወይፈኖቹ እየጣሱ ቁልቁል ወደ ጤፉ ማሳ ይወርዱ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙም መንደር ነው። አንዱ ድንጋይ ወርውሮ ይመልሳል፣ የሌላው ውሻ ያባርራል፣ ሌላው ይዞ እስኪነጋ ከደጁ ያስራል። ከአርባው ማሳው የሚደርሰው አንድ ወይ ሁለት ነው።

አንድ ዓመት፣ ከአባቱ ቤት አዲስ የወጣ ጎረምሳ ሌላ መሬት ስላልነበረው ጎጆውን ከማሳው ዳር ቀለሰ። ሀብቱ ሦስት ጊደር ነው። በዚያ መስከረም ጤፉ እኩሌታው ተበላ፣ የቀረውም ተረገጠ።

ሽማግሎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የሁሉም ዓይን ወደ ጉብታው ነበር። ባለጠጋውም ከብቶቹ እንደሚያመልጡ አልካደም። ካሳው ሊቆረጥ ሲል ከመንገዱ አጋማሽ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ኮቴውን አይታችኋል?»

ወርደው አዩ። ጭቃው ላይ ያለው ኮቴ ትንንሽ፣ የጊደር ኮቴ ነው፤ ዱካውም ከጎጆው በረት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ጤፉ ውስጥ ይገባል።

«ከላይ የሚመጣውን እኔም ጎረቤቶቼም ስንመልስ ኖርን» አሉ ባልቴቷ። «ከዚህ የሚወጣውን ማን ይመልሰው? ደግሞ ስሙኝ፤ እኔ ደክሜያለሁ፣ ቡሬ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው። የጎረቤቴም ውሻ ሞቷል። የላይኛው በረት ያን ጊዜ ነው የሚያሰጋችሁ።»

ሽማግሎቹ የካሳውን ነገር ትተው መንገዱን ማን ይጠብቅ ወደሚለው ዞሩ።

በዚህ ምሳሌ የላይኛው በረት የውቅያኖስ ወለል ነው፤ ከብቶቹ ሙቀት አፋኙ ሚቴን፣ ማሳውም አየሩ። አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት የሞተውን ሲያበሰብሱ ይህ ጋዝ ይፈጠራል። አብዛኛውን ግን በባሕር ውሃ ያለውን ሰልፌት የሚጠቀሙ ሌሎች ሕዋሳት እዚያው ጭቃው ውስጥ ይበሉታል። ያመለጠው አረፋ ሆኖ ሲወጣ በጥልቁ ውሃ ይሟሟል፤ እዚያም የሚበሉት አሉ። ስለዚህ ከምድር ገጽ 71 በመቶውን የያዘው ውቅያኖስ በዓመት ወደ አየር የሚለቀው ከ6 እስከ 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ ከየምንጩ የሚወጣው ጠቅላላ ሚቴን ወደ 600 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። ከባሕሩም አብዛኛው የሚያመልጠው ከዳርቻው፣ ጥልቀቱ 50 ሜትር ከማይሞላው ውሃ ነው። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያሉት ጥልቀት የሌላቸው ባሕሮች መሞቅ ሳይንቲስቶችን የሚያሳስበውም ለዚህ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የቅርቡ ጎጆ፣ ጣና ነው። አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ቢሆን ነው፤ ጨው አልባ ውሃ ደግሞ ሰልፌቱ ጥቂት ነው። ደንገል ከበቀለበት ዳርቻ ታንኳ ቀዛፊው ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ሲተክል አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ ከወለሉ እስከ አየሩ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ግልገል ዓባይ ከሰቀላ ተራሮች ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ለምነቱን ለሐይቁ ያስረክባል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም በዚህ ይፋፋል፤ ሲሞትም ሰምጦ ይበሰብሳል። ይህን እያየን ስለ ሩቅ ባሕር ብቻ ብንጨነቅ እንደዚያ ሸንጎ ኮቴ ሳናይ መፍረዳችን ነው።

ሰቀላ ላይ የሚሠራ እርከን ለእምቦጩ የሚደርሰውን ቀለብ ይቀንሳል። የታጨደው እምቦጭም ዳር ተከምሮ ከሚቀር ከእበት ጋር የባዮጋዝ ጉድጓድ ቢገባ፣ ያው ሚቴን ምድጃ ላይ ነድዶ ወጥ ይሠራል። ሲነድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ክብደት ለክብደት፣ ለ100 ዓመት ሲሰላ፣ ሙቀት አፍኖ የመያዝ አቅሙ ከሚቴን ከ25 እጥፍ በላይ ያንሳል።